ውለታና ደሞዝ

«አስተምሬው ሄደብኝ።»

ይቺን ቃል ከስንት ሰው አፍ እንደሰማኋት መቁጠር ትቻለሁ። ጫማ አምራቹ ይላታል። የብረታ ብረት ወርክሾፕ ያለው ይላታል። የቤት ዕቃ የሚሠራው ይላታል። አጭር ናት፤ ግን ውስጧ አንድ ሙሉ ክስ አለ። ልብ ብላችሁ ካያችኋት ክሱ የተቋጠረው ግሱ ጫፍ ላይ ነው። «ሄደ» አይደለም የሚባለው፤ «ሄደብኝ» ነው። በአማርኛችን «ብኝ» እንዲህ በዋዛ የምትታይ ቅጥያ አይደለችም። ላሜ ሞተችብኝ፣ ሌባ ገባብኝ፣ ዝናብ መጣብኝ እንላለን። እንግዲህ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅም እንደ ሌባውና እንደ ዝናቡ በኛ ላይ የወረደ ጉዳት ነው ማለት ነው።

ጉዳት መሆኑንስ ማን ይክዳል? እኔን የሚያሳስበኝ ጉዳቱ በደል መሆን አለመሆኑ ነው። ጉዳት ሁሉ በደል አይደለም። ጎረቤቴ ከኔ የተሻለ እንጀራ ጋግሮ ገበያዬን ቢወስደው ተጎድቻለሁ፤ አልተበደልኩም። ታዲያ ከእጃችን ሙያ ተምሮ፣ ክንፉ ሲጠነክር ብድግ ብሎ የሚሄደው ሠራተኛ የትኛው ነው? ጎጂ ነው ወይስ በዳይ? መልሱ የዋዛ አይደለም። አንድ አነስተኛ አምራች ሰዎቹን የሚይዝበት መንገድ፣ የሚከፍለው ደሞዝ፣ የሚሰጠው ወረቀት፣ የሚነፍገውም ወረቀት ጭምር ለዚህ ጥያቄ በልቡ ከሰጠው መልስ የሚቀዳ ነው።

ክሱን ከማየታችን በፊት የከሳሹን ሕመም እንመዝነው። በ2003 ዓ.ም. በወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ስትራቴጂ «አነስተኛ» የተባለው ከ6 እስከ 30 ሰው የሚያሠራ ነበር። ስምንት ሰው ያለው የጫማ ቤት እንውሰድ። አንዱ ቆዳ ይቆርጣል፣ ሁለቱ ይሰፋሉ፣ ሌላው በፎርማ ላይ ይወጥራል፣ ሌላው ሶል ይለጥፋል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከሁለቱ ሰፊዎች አንዱ ቢቀር ግማሹ ስፌት ቆመ ማለት ነው። ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሰው ሲሄድ አንድ ቁጥር ይቀነሳል፤ እዚህ ግን ሰንሰለቱ ነው የሚበጠሰው። ማስተማሩም ቢሆን በነፃ አይደለም። ጀማሪው እጁ እስኪፈታ የሚያበላሸው ቆዳ ባለቤቱ በገንዘቡ የገዛው ነው። የሚያስተምረው ደግሞ የቤቱ ምርጥ ሠራተኛ ነው፤ እሱ ሲያስተምር የሱ የቀን ሥራ ይጎድላል። ስለዚህ «አስተምሬው ሄደብኝ» የሚለው ሰው ያጣው እውነተኛ ነገር ነው። ምቀኛ ነው ብለን አንለፈው።

ነገር ግን ከዚህ ክስ ጀርባ ሁልጊዜ አንድ ሌላ ዓረፍተ ነገር አለ። «እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን» የሚል። ከዓመታት በፊት የማውቀው አንድ የቤት ዕቃ አምራች ቡና እየጋበዘኝ እንዲህ አለኝ።

«መምህር፣ እኔ ጋ ሠራተኛ የሚባል የለም። ሁላችንም ቤተሰብ ነን።»

«ጥሩ ነው። ለቤተሰቡ ታዲያ ጡረታ ይከፈልለታል?»

ከልቡ ሳቀ። «ኧረ መምህር! ለቤተሰብ ጡረታ ማን ይከፍላል?»

ሰውየው ክፉ አይደለም። እንዲያውም የሠራተኛው እናት ስትሞት ድንኳን ያስተከለ፣ የንፍሮውን ስንዴ ያስመጣ፣ ሦስት ቀን ወርክሾፑን ዘግቶ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ነው። አንዱ ሊያገባ ሲል ያለ ወለድ አበድሯል። የሌላኛው ልጅ ታሞ ሌሊት በራሱ መኪና ሐኪም ቤት አድርሷል። ይህን የሚያዝ አዋጅ የለም። በሀገራችን አነስተኛ አምራቾች ዘንድ ያለው ይህ ደግነት፣ የሰው ኃይል አስተዳደር መጻሕፍት በብዙ ገጽ ለማስተማር የሚደክሙበት ነገር ነው። እኛ ጋ ግን ሳይጻፍ የኖረ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ደግነቱ ሲመነዘር ነው። ድንኳን የተከልኩልህ ስለሆነ እሁድ ስትገባ ክፍያ አትጠይቀኝ። ያበደርኩህ ስለሆነ ደሞዝህ ለአስር ቀን ቢዘገይ አትናገር። ማንም እንዲህ ብሎ አፍ አውጥቶ አይናገርም፤ አያስፈልግምም። ይሉኝታ የምትባል ገንዘብ ሰብሳቢ አለችና። ሠራተኛው «ጋሼ፣ የትርፍ ሰዓቴ ነገር…» ብሎ ይጀምርና ድንኳኑ ትዝ ሲለው ይተወዋል። እንዲህ እያለ ይቆይና አንድ ቀን ሌላ ቦታ የተሻለ ሲያገኝ ሳይናገር ይጠፋል። ፊት ለፊት ቆሞ መጠየቅ ያፈረ ሰው፣ ፊት ለፊት ቆሞ መሰናበትም ያፍራል። ባለቤቱ ደግሞ «ያጎረስኩት እጄን ነከሰኝ» ይላል። ሁለቱም የተጎዱት በአንድ ምክንያት ነው። ውለታና ደሞዝ በአንድ ደብተር ተጽፈው ነበር።

ቤተሰብ የሚለውን ቃል እስከ ጫፉ እንከተለው ካልንም ሌላ ጣጣ አለ። ቤተሰብ ውስጥ ሰዓት አይቆጠርም፤ እውነት ነው። ግን ቤተሰብ ውስጥ ውርስ አለ። ልጅ በአባቱ እርሻ ላይ ያለ ደሞዝ የሚለፋው እርሻው ነገ የሱም ስለሆነ ነው። ሰዓቱ ሳይቆጠር እንደ ልጅ የለፋ፣ ትርፉ ሲቆጠር ግን እንደ ባዳ የሚቆም ሰው ምን ዓይነት ቤተሰብ ነው? አዲሱ ቋንቋም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አይደለም። ቢሮዎቻችን በር ላይ «የሰው ሀብት አስተዳደር» የሚል ጽሑፍ አያለሁ። ሀብት ደግሞ ባለቤት አለው። የማን ሀብት? ብለን ስንጠይቅ ነው ነገሩ የሚቆጠቁጠው። «ሄደብኝ» የሚለው ሰው ሳያስበው የሚናገረው ስለ ንብረቱ ነው።

ለመሆኑ በደሞዙ ደብተር ላይ መስፈር ያለበት ምንድን ነው? ሕጉ ብዙውን ጽፎታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በቃል ሊደረግ እንደሚችል ይቀበላል፤ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ ግን አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎ፣ ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። ሥራው በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የቀን ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን ደግሞ በእጥፍ ይከፈላል። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ከደሞዝ የሚቆረጠው ተደምሮ ከወር ደሞዝ ሲሶ መብለጥ የለበትም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ 715/2003 ተጀምሮ በ1268/2014 ተተክቷል፤ ከሠራተኛው 7 ከመቶ፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ። ሠራተኛው ሲለቅ የሥራ ልምድ ማስረጃ ከጠየቀ ያለ ክፍያ ይሰጠዋል። ለሠራተኛውም ግዴታ አለበት፤ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሰው ሊለቅ ሲል የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት።

ይህ ሁሉ ዕዳ ነው። ዕዳን የከፈለ ሰው ደግ አይባልም፤ ከፋይ ነው የሚባለው። የሥራ ልምድ ወረቀቷን በመሳቢያ ቆልፎ «እስኪ ትለምነኝ» የሚል አሠሪ የራሱን ደግነት እየነፈገ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ የሰው ንብረት ነው የያዘው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ሙያ ማስተማርስ? እሱ የየትኛው ደብተር ነው? ብዙ ሰው ሳያስብ ከውለታው ጎን ይጽፈዋል። እኔ ግን የለማጁን ዓመታት ማየት እወዳለሁ። ለማጅ ብዙ ቦታ የሚያገኘው ምሳና የትራንስፖርት ነው። ይጠርጋል፣ ይሸከማል፣ ሻይ ያመጣል፣ ማስቲሽ ሲያሸት ይውላል። ቀስ በቀስ ቀላሉን ስፌት ይይዛል፤ የሚከፈለው ግን ገና የጠራጊው ነው። እጁ ከተፈታ በኋላም የለማጅነቱ ደሞዝ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይከተለዋል። እንግዲህ ባለቤቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት በተበላሸው ቆዳ ያወጣውን፣ ለማጁ በኋለኞቹ ወራት በርካሽ እጁ መልሶታል። ማንም በሂሳብ አላወራረደውም እንጂ ትምህርቱ በአብዛኛው ተከፍሎበታል። የተከፈለበት ነገር ደግሞ የከፋዩ ነው። ይዞት ቢሄድ የራሱን ይዞ ሄደ።

«ይህ እኮ ለአንድ ሰው ፍትሕ ሊሆን ይችላል፤ ለኢንዱስትሪው ግን ጥፋት ነው» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ሁሉም ተምሮ ከሄደ ማን ያስተምራል? ለዚህ መልሱ ከፍልስፍና ይልቅ ከመርካቶ ይገኛል። አዲስ አበባ ውስጥ የዘመናዊ ጫማ ሥራ መነሻው በ1930 ዓ.ም. አካባቢ አርመኖች ያቋቋሟቸው ፋብሪካዎች ናቸው። ዕድሜ ያለው አንባቢ «ዳርማር» የሚለውን ስም ያስታውሳል፤ ኋላ አንበሳ ጫማ የሆነው ነው። እዚያ ሙያ የቀሰሙ ኢትዮጵያውያን እየወጡ የራሳቸውን ቤት ከፈቱ። ከነሱ የተማሩት ደግሞ በተራቸው ወጡ። እንዲህ እንዲህ እያለ መርካቶ ውስጥ ሸራ ተራና ሰባተኛ አካባቢ ጫማ የማይሠራበት ጓሮ የሌለ እስኪመስል ድረስ ሰፋ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ብዙዎቹ ተዘጉ፤ የቀሩት ግን ቆዳቸውን፣ ሶላቸውን፣ ቅርጹን አሻሽለው ገበያቸውን መልሰው አገኙ። ያ ሊሆን የቻለው ሙያው በአንድ ፋብሪካ ግድግዳ ውስጥ ስላልተዘጋ ነው። አንዱ የሞከረውን ሌላው በማግስቱ ያየዋል። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አልፍሬድ ማርሻል በ1890 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ይህንኑ ታዝቦ ነበር፤ አንድ ሙያ በአንድ ሰፈር ሲከማች ምስጢርነቱ ቀርቶ ሰው ሁሉ የሚጋራው ነገር ይሆናል። ዛሬ «አስተምሬው ሄደብኝ» የሚለው የመርካቶ ጫማ አምራች፣ ራሱም ሆነ የእሱ አስተማሪ፣ ከዚህ በፊት ከአንድ ቤት የሄደ ሰው ነው።

ከመርካቶም የራቀ አብነት አለን። የቅኔ ተማሪ ከጎንጅ ወደ ዋሸራ፣ ከዋሸራ ወደ ዋድላ ይሻገራል። ድጓውን ሊያስመሰክር ቤተልሔም ይወርዳል። የኔታ «ሄደብኝ» አይሉም። መርቀው ይሸኙታል፤ የመምህሩ ክብርም የሚቆጠረው ጎጆው ውስጥ በቀሩት ተማሪዎች ሳይሆን ወጥተው ወንበር በዘረጉት ነው። እኔም ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ያየሁት ይህንኑ ነው፤ መምህር የሚኮራው በሄደው ተማሪ ነው።

እዚህ ላይ ግን ራሴን ላቁም። ንጽጽሩ አንድ ቀዳዳ አለው። የየኔታ ተማሪ ሌላ ሀገር ሄዶ ወንበር ሲዘረጋ የየኔታ እንጀራ አይጎድልም። የጫማ ቤቱ ለማጅ ግን ግድግዳ ተጋርቶ ሊከፍት፣ በሃያ ብር ቀንሶ ሊሸጥ ይችላል። የእጅ ባለሙያ ሙያውን በቤተሰቡ ውስጥ ደብቆ ማኖሩም ከንፍገት ብቻ የመጣ አልነበረም። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው ሲናቅና ሲሰደብ ኖሯል፤ ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ እንዳይኖር እስከ ማወጅ የደረሱት። መሬት ለሌለው፣ ክብር ለተነፈገው ሰው ሙያው ብቸኛ ርስቱ ነበር። ርስቱን ቢደብቅ አይፈረድበትም። እናም ዛሬ ሙያውን ለባዳ የሚያስተምር ሰው አንድ ነገር እየሰጠ እንደሆነ አልክድም። ይህ ስጋት እያለ እንዴት ይኖራል? ነው ጥያቄው።

አንዲት የቆዳ ቦርሳ አምራች አውቃለሁ። ራሷ የሰው ቤት ሰፊ ነበረች፤ ዛሬ 22 ሰው ታሠራለች። ሠራተኞቿ «እትዬ» ይሏታል፤ ከሷ የሚበልጡትም ጭምር። ሥራዋ በሁለት እግሩ የቆመ ነው። ምን እንደምታደርግ ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ፤ የምትነግረኝ ነገር ሁሉ ተራ ነገር ነው።

ሰው ስትቀጥር ዋስ አትጠይቅም፤ አንድ ቦርሳ ትሰጠውና «ስፋው» ትለዋለች። ቢቀጠርም ባይቀጠርም የዚያን ቀን ይከፈለዋል። የሙከራው 60 የሥራ ቀን ሳያልቅ ቁጭ አድርጋ የጎደለውን ትነግረዋለች። ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ለማጅ ምን ይችላል፣ ሁለተኛ ደረጃ ምን ይችላል፣ ዋና ሰፊ ምን ይችላል፣ ለየደረጃው ስንት ይከፈላል የሚል። እዚያ የተጻፈውን መሥራት የቻለ ሰው ደረጃው ይነሳል፤ ልመና የለም። ማንኛውንም ሥራ ቢያንስ ሁለት ሰው እንዲያውቀው ታደርጋለች፤ አንዱ ቢታመም ወይም ቢሄድ ሰንሰለቱ አይበጠስም። ደሞዝ በወር በ28 ይከፈላል። ደንበኛ ባይከፍላት እንኳ ተበድራ ትከፍላለች።

«ጋሼ፣ ደንበኛዬ ያዘገየብኝ የኔ ጉዳይ ነው፤ የነሱ የቤት ኪራይ ደንበኛዬን አያውቀውም» ብላኛለች።

ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ ግን ሁለት ደብተር መያዟ ነው። አንዱ የደሞዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የጡረታ ነው። ሌላው የብድር፣ የለቅሶ፣ የሠርግ፣ የሕመም። «ሁለተኛው ወደ መጀመሪያው አይሻገርም» ትላለች። ለለቅሶ የሰጠችውን ከትርፍ ሰዓት አታጣጣም፤ ብድር ከሆነም በስምምነት በወር በወር ይመለሳል እንጂ እንደ ልጓም አይያዝም።

ሰው ሲሄድባትስ? የሥራ ልምዱን በዚያው ቀን ትጽፋለች፤ ቡና ተፈልቶ ይሸኛል። ከሄዱት ሦስቱ ዛሬ ትዕዛዝ ሲበዛባት ሥራ ተከፍለው ይሰፉላታል። አንደኛው ግን ትልቅ ደንበኛዋን ይዞባት ሄዷል። አልተናደድሽም ወይ? አልኳት።

«እንዴት አልናደድ! አልዋሽዎትም፣ አልቅሻለሁም። ግን ሙያውን ይዞ መሄዱ አይደለም ያናደደኝ፤ እሱማ የራሱ ነው። ያናደደኝ እኔ ጋ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የኔን ደሞዝ እየበላ በስልክ ደንበኛዬን መጥራቱ ነው።»

ከዚህ የተሻለ መስመር የሚያሰምር የሥነ ምግባር መምህር አላውቅም። መሄድ ሌላ ነው፤ እየኖሩ መክዳት ሌላ። እጅ የለመደውን ይዞ መውጣት ሌላ ነው፤ የቆዳ ቁራጭ በቦርሳ ይዞ መውጣት ሌላ። ለሠራተኛ ወገንተኛ የሆንን ሰዎች ይህን ማድበስበስ የለብንም። ለበዓል ሦስት ቀን ሲቀረው ትዕዛዙን ግማሽ ጥሎ ስልኩን የሚዘጋ ሰው «መብቴ ነው» ቢል አይደመጥም። ሠላሳው ቀን የተቀመጠው የተዋዋዩን ሰው ጉዳት ለማለዘብ ነው። ደሞዙ በጊዜው ለተከፈለው፣ ወረቀቱ ለተሰጠው ሰው ደግሞ ግዴታው ይበልጥ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

«ይህን ሁሉ ብከፍል እዘጋለሁ» የሚል አምራች አለ። ኪራዩ፣ የቆዳው ዋጋ፣ የመብራቱ መጥፋት፣ ቀረጡ። አንዳንዱ እውነቱን ነው። ግን 11 ከመቶውን የማይከፍል ሰው ወጪውን አላጠፋውም፤ ለሠራተኛው እርጅና አስተላለፈው እንጂ። ሠራተኛ በየስድስት ወሩ የሚቀያየርበት ቤትም በየስድስት ወሩ ቆዳ የሚያበላሽ አዲስ እጅ ይገዛል። ይህ ወጪ በደብተር አይጻፍም፤ ግን ይከፈላል።

በ2002 ዓ.ም. በጃፓኖች ድጋፍ ካይዘን በ30 ድርጅቶች ሲሞከር፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ኢንስቲትዩት ሲቋቋምለት «አምስቱ ማዎች» የየፋብሪካው ግድግዳ ጌጥ ሆኑ። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያለ ይቀጥላል። ጥሩ ነገር ነው። የካይዘን ልብ ግን ሥራውን የሚያውቀው ሠሪው ነውና እሱን ጠይቀው የሚለው ነው። ሠሪው ደግሞ የሚመልሰው ካልፈራ ነው። ቆዳ የሚቆጥብ አቆራረጥ ያወቀ ሰው ቁጠባው ለሱ ምንም ካላመጣለት፣ ወይም «አንተ ደግሞ ማን ጠየቀህ?» ከተባለ፣ ሐሳቡን ይዞ ዝም ይላል። አንድ ቀን ይዞት ይሄዳል። ያኔም «ሄደብኝ» እንላለን።

እንግዲህ ውለታ የሚባል ነገር የለም ማለቴ ነው? አይደለም። በትዕግሥት ያስተማረን፣ ስናበላሽ ያልጮኸብን፣ የእጁን ምስጢር ያልነፈገን ሰው ደሞዝ የማይከፍለው ነገር ሰጥቶናል። እሱ ውለታ ነው። ውለታ ግን ክሬዲት አይደለም። ሰጪው ሊጠይቅበት ሲጀምር ያቺኑ ቀን ወደ ብድር ይለወጣል፤ ብድር ከሆነ ደግሞ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያልቅ ይነገረን። ውለታን የሚያስታውሰው ተቀባዩ ነው እንጂ ሰጪው አይደለም። መልሱም ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ፣ ወደ ሰጪው አይሄድም። ወደ ፊት፣ ገና መርፌ ወዳልያዘው ለማጅ ነው የሚሄደው። የመርካቶ ጫማ እዚህ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ሙያ ተምሮ የራሱን ቤት ለከፈተ ሰው የምጠይቀው «አሠሪህን ክሰሃቸዋል ወይ?» ብዬ አይደለም። «አንተስ ማንን እያስተማርክ ነው? ስንት እየከፈልከው? ወረቀቱንስ ሰጥተኸዋል?» ብዬ ነው።

ለባለቤቱም ምክሬ አጭር ናት። ከነገ ጀምሮ ሁለት ደብተር ይግዙ። የመጀመሪያውን በየወሩ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ይዝጉ። ሁለተኛው ላይ የጻፉትን ግን ለማንም አያሳዩ።

ቸር እንሰንብት።